በመጸው ወራት ወደ ግሽ ዓባይ

የሰው ልጅ ሩቅ አገር ለማየት ይመኛል፤ የገዛ አገሩን ግን ነገ አየዋለሁ እያለ ዘመኑን ይጨርሳል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. በመጸው ወራት ከጥቂት መልእክተኞች ጋራ ባሕር ተሻግረው ጃፓንን ጐበኙ፤ ሲመለሱም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚለውን መጽሐፍ ጻፉልን። በዚያ አገር በመጸው የዛፉ ቅጠል እንደ እሳት ሲቀላ፥ ሰዎች ዐምስትም ስድስትም እየሆኑ ከከተማ ወደ ባላገር ይወጣሉ፤ እንደ ሺራካዋ ባሉት መንደሮች በሣር የተከደኑትን የጥንት ቤቶች እያዩ፥ በዚያም እያደሩ፥ የአባቶቻቸውን ኑሮ ይማራሉ። እኔም ይህን ነገር በሰማሁ ጊዜ «ለኛስ የሣር ቤትና የመጸው አበባ መቼ ታጣብን?» ብዬ አሰብሁ። ከዚህም አሳብ የተነሣ በ2010 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ያደረግነውን ትንሽ መንገድ ለአንባቢዎች ልነግር ወደድሁ።

የተጓዝነው ስድስት ሰዎች ነበርን፤ እኔና ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናቴ፥ የዐሥራ ሁለት ዓመት ሴት ልጄ፥ አንድ የሥራ ጓደኛዬ ከባለቤቱ ጋራ፥ ስድስተኛውም ነጂያችን ነው። እናቴ ጕልበታቸውን ካመማቸው ብዙ ጊዜ ሆኗቸው «ከዓባይ ምንጭ ሳልጠመቅ አልሙት» ይሉ ነበር። እኔ ግን መንገዱን የወደድሁት ስለ ታሪኩ ነው እንጂ ስለ ጠበሉ ብዙም አላሰብሁም። ደግሞም አንድ ነገር በልቤ ተሸክሜ ነበር። ከመሥሪያ ቤታችን የፍርድ ግልባጭ የሚጠብቁ አንድ ባላገር ሽማግሌ ሁለት ጊዜ መጥተው፥ ሁለቱንም ጊዜ «ነገ ይመለሱ» ብዬ ሰድጃቸው፥ ለሦስተኛው ሰኞ ጧት ቀጥሬአቸው ነበር። ግልባጩ ግን ገና አልተጻፈም። ስለዚህ ቅዳሜ ምንጩን አይተን፥ እሑድ በጊዜ ቤታችን ለመግባት ቈርጠን ተነሣን።

ዓርብ ጥቅምት 10 ቀን ጎሕ ሲቀድ ከአዲስ አበባ ወጥተን፥ ከጐሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሓ ወረድን። ከሸለቆውም እግር በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. የተመረቀውን ታላቅ ድልድይ ተሻገርን። ውሃው የክረምቱን አፈር ይዞ ደፍርሶ ይወርድ ነበር። ልጄም ወደ ታች ተመልክታ «አባዬ፥ ይህን ሁሉ ውሃ የሚያወጣው ምንጭ ምን ያህል ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም «ነገ በዓይንሽ ታዪዋለሽ» አልኋት።

ከደጀን ወዲያ የጐጃም ደጋ ተዘረጋልን። በደብረ ማርቆስና በደምበጫ አልፈን ፀሓይ ሲያዘቀዝቅ ከፍኖተ ሰላም ደረስን። ይህ ከተማ ቀድሞ ወጀት ይባል ነበር፤ በ1933 ዓ.ም. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው በኦሜድላ ገብተው በጐጃም በኩል ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ፍኖተ ሰላም ብለው እንደ ሰየሙት ይነገራል። በመንገዱ ግራና ቀኝ የኑጉ አበባ ምድሩን ቢጫ ምንጣፍ አልብሶታል፤ በየደጁ የተሰጣው በርበሬ ደግሞ ከሩቅ ሲያዩት ፍም ይመስላል። ጃፓኖች መጸውን በቅጠል መቅላት ቢያውቁት፥ የጐጃም ሰው በኑጉና በበርበሬው ያውቀዋል።

በማግሥቱ ቅዳሜ ወደ ቡሬ ሄድን። ማታውኑ እናቴ «ነገ ከምንጩ ነን፤ አፋችሁን ጠብቁ» ብለውን ነበር። ወቅቱ ጾመ ጽጌ ስለ ሆነ እርሳቸው ከምግባቸው ተጠንቅቀው ሰንብተዋል፤ ያን ዕለትም ውሃ እንኳ አልቀመሱም። እኛ ግን የመንገዱ ብርድ አስቸግሮን ከቡሬ ስንደርስ ትኩስ ዳቦ በሻይ በላን። እናቴም ከአውቶሞቢሉ ሳይወርዱ ዝም ብለው አዩን።

ከቲሊሊ በስተ ቀኝ ታጥፈን ወደ ሰከላ ወጣን። አገሩ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር የሚበልጥ ደጋ ነው፤ ገብስና ድንች ይበቅልበታል፤ ጭጋጉ እስከ ረፋድ ከባሕር ዛፉ ላይ አይለቅም። አራሾቹ ቁምጣ ታጥቀው፥ ጋቢ ደርበው፥ ዱላቸውን በትከሻቸው አጋድመው ሲሄዱ «እንደምን አደራችሁ» ሳይሉ አያልፉም።

ይህን ምንጭ ለማየት ከእኛ በፊት ብዙ ሰዎች ደክመዋል። በ1610 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ጴጥሮስ ፓኤዝ የተባለው የእስፓንያ ካህን ዐፄ ሱስንዮስን ተከትሎ መጥቶ አይቶታል። ከ150 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ደግሞ፥ በ1763 ዓ.ም. መጸው፥ የስኮትላንዱ ተወላጅ ጄምስ ብሩስ ደረሰ። የአገሩ ሰዎች ጫማውን እንዲያወልቅ ስላዘዙት በባዶ እግሩ አበባ በሞላው ኰረብታ ላይ ቍልቍል ሮጠ፤ ሁለት ጊዜም ወደቀ። ከምንጩም በደረሰ ጊዜ በኮኮነት ቅርፊት ውሃ ቀድቶ ስለ ንጉሡ ስለ ጊዮርጊስ ሦስተኛው ጤንነት ጠጣ። ከፈረንጆች ሁሉ የመጀመሪያው እኔ ነኝ ብሎ ደስ ቢለውም፥ የቀደመው ሰው ነበረ።

የአገሩ ሰው ግን ምንጩን የሚያከብረው በአቡነ ዘርዓ ብሩክ ነው። ሲነገር እንደምንሰማው ጻድቁ የንጉሥ ጭፍሮች ሊይዟቸው በመጡ ጊዜ መጻሕፍታቸውን ለዚህ ውሃ አደራ ሰጡ፤ ከብዙ ዘመንም በኋላ ተመልሰው አደራቸውን ቢጠይቁ፥ ውሃው መጻሕፍቱን አንዲት ፊደል ሳትጠፋ መለሰላቸው። ግሽ የሚለውም ስም «የተቀበልኸውን መልስ» ከማለት የመጣ ነው ይላሉ። በዓላቸውም ጥር 13 ቀን ብዙ ሕዝብ ተሰብስቦ ይከበራል።

ከአጥሩ በር ስንደርስ አንድ ሸምገል ያሉ መነኩሴ ተቀበሉን። ባርከውንም ሲያበቁ «ልጆቼ፥ እህል የቀመሰ አለ?» ብለው ጠየቁ። ጓደኛዬ ፈጥኖ «አባ፥ እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ነን፤ ከአዲስ አበባ ድረስ መጥተናል፤ ያለንም ቀን ዛሬ ብቻ ነው» አለና የመሥሪያ ቤቱን ወረቀት ከኪሱ አወጣ። መነኩሴውም ወረቀቱን ሳይነኩ «የጠየቅሁት ስለ እህሉ ነው» አሉ። ያን ጊዜ ጓደኛዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «አልቀመስንም በል፤ ማን ያየናል?» አለኝ።

እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰውን መሐላ ስጽፍ የኖርሁ ሰው ነኝ። ሆኖም የሰኞው ቀጠሮ ትዝ ስላለኝ ምላሴ ለጓደኛዬ ቃል ሊታዘዝ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ዘወር ብልም ልጄ ዐይኗን ከፊቴ ላይ ሳትነቅል ታየኛለች፤ ዳቦውን ቈርሼ የሰጠኋት እኔ ራሴ ነበርሁ። ስለዚህ «አባ፥ ቀምሰናል፤ ያልቀመሱት እናቴ ብቻ ናቸው» አልሁ።

መነኩሴውም ሳይቈጡ እንዲህ አሉ፤ «እውነቱን ስለ ነገርኸኝ እግዚአብሔር ይስጥህ። ሥርዐቱ ሰውን ለመከልከል የተሠራ አይደለም፤ ሰው ተዘጋጅቶ እንዲገባ ነው። ነገ ቅዳሴ እንዳለቀ ኑ፤ እኔ ራሴ ከዚህ በር ቆሜ አገኛችኋለሁ። ውሃው ሲሄድ ይኖራል፤ ምንጩ ግን የትም አይሄድብህም።» ወደ እናቴም ዘወር ብለው «እናቴ፥ እርስዎ ይግቡ» አሏቸው። እናቴ ግን በምርኵዛቸው ተደግፈው «አባቴ፥ ልጆቼን ከበር ትቼ ብቻዬን አልገባም፤ ነገ ሁላችንም እንገባለን» ብለው መለሱ። እኔም ከዚያ ሰዓት ይልቅ ያፈርሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

መነኩሴውም በዚህ አልተዉንም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ወዳለ ወደ አንድ ገበሬ ቤት አስይዘው ሰደዱን። ባለቤቲቱም እግራችንን አጥባ፥ የድንች ወጥ በጥቁር እንጀራ አቀረበችልን፤ ለእናቴም ከምድጃው አጠገብ መደቡን አነጠፈችላቸው። በሌሊትም የደወል ድምፅ ቀሰቀሰን። ቀኑ ለእሑድ አጥቢያ፥ ወራቱም ዘመነ ጽጌ ስለ ሆነ ካህናቱ ማኅሌተ ጽጌ ቆመው ነበር። እኛም ጋቢ ተከናንበን ከቅጽሩ ውስጥ ቆምን። ከበሮው ቀስ እያለ ሲመታ፥ ጸናጽሉም ከመቋሚያው ጋራ አብሮ ሲወዛወዝ፥ በልጅነቴ ከየኔታ እግር ሥር የተማርሁት ዜማ ሁሉ ወደ ልቤ ተመለሰ። ልጄም እጄን ይዛ እስኪነጋ ድረስ አልተኛችም። ያ ሰው ቅዳሜ ዕለት በሩን ቢከፍትልን ኖሮ፥ ይህን ሌሊት ሳናይ እንመለስ ነበር።

ቅዳሴው ካለቀ በኋላ መነኩሴው እንደ ቃላቸው ከበሩ ቆመው አገኘናቸው። ጫማችንን አውልቀን ገባን። በጃፓን አገር ሰው ወደ መቅደሳቸው ከመግባቱ በፊት ከበሩ አጠገብ ባለው ውሃ እጁንና አፉን ይታጠባል ይባላል፤ የእኛም ሥርዐት ከዚህ የራቀ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ተረዳሁ። ሁለቱም «ከመግባትህ በፊት ራስህን ተመልከት» ይላሉ።

ምንጩ ከሣሩ መካከል ያለ ትንሽ ዐይን ነው፤ ድምፅ እንኳ የለውም። ልጄ ጐንበስ ብላ ካየችው በኋላ «አባዬ፥ ይህ ብቻ ነው?» አለች። እኔም የምመልሰውን ሳጣ፥ አያቷ «አዎን፥ ልጄ፤ ታላቅ ነገር ሁሉ ሲነሣ ይህን ያህል ነው» አሏት። ከዚህ የወጣው ግልገል ዓባይ ወደ ሰሜን ወርዶ ከጣና ይገባል፤ ከጣናም በባሕር ዳር ወጥቶ፥ የጐጃምን ምድር ዞሮ፥ ዓርብ ዕለት ከተሻገርነው ድልድይ ሥር ያልፋል። እናቴም ተጠመቁ። ጕልበታቸው ዳነ ብዬ አልጽፍም፤ ነገር ግን እየተመለስን ሳለ ምርኵዛቸውን ለልጄ ሰጥተው፥ በእጄ ተደግፈው ዳገቱን ወጡ።

ከአዲስ አበባ የገባነው ከምሽቱ አራት ሰዓት ነው። ሰኞ ገና ሳይነጋጋ ከመሥሪያ ቤቴ ደርሼ ግልባጩን መጻፍ ጀመርሁ፤ ሽማግሌውም ሲመጡ ማኅተሙን እያደረግሁ ነበር። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው «ዛሬም ነገ ትለኛለህ ብዬ ስንቄን ይዤ ነበር የመጣሁት» አሉና ከአገልግላቸው ቆሎ ዘግነው ሰጡኝ። «ነገ» ማለት ለመነኩሴውም ለእኔም አንድ ቃል ነው፤ ነገር ግን እርሳቸው ምክንያቱን ነገሩኝ፥ ሰዓቱን ቈረጡልኝ፥ ማደሪያ ሰጡኝ፥ በቀጠሮውም ቆመው ጠበቁኝ። እኔ ከእነዚህ አራቱ አንዱን እንኳ ለባለ ጉዳይ አድርጌ አላውቅም ነበር። ውሃ የተቀበለውን መጽሐፍ ሳያጐድል ከመለሰ፥ የሰው ወረቀት በአደራ የያዝን እኛማ ምን መልስ አለን?

በዓባይ ላይ በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጕሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ፥ ልጄ ትልቅ ሆና ከአጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ብዙውን ውሃ አይታ «ከዚያች ከሣር ውስጥ!» አለች እንጂ ሌላ አልተናገረችም። መንገዱ በተመቸ ጊዜ ወደ ግሽ ዓባይ ለመሄድ የምታስቡ ወንድሞችና እኅቶች፥ በጥቅምት ሂዱ፤ ቅዳሜን እደሩ፤ ከቡሬም ዳቦ አትብሉ።