የኢየሩሳሌም የአርመን ገዳምና የአርባው ልጆች ሙዚቃ

ኢየሩሳሌምን ሊሳለም የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ሁሉ አስቀድሞ ወደ ጎልጎታ፥ ከዚያም ወደ ዴር ሡልጣን መሄዱ የቆየ ልማድ ነው። እኛም እንደ ልማዱ ተሳልመን ከፈጸምን በኋላ ወደ ያፎ በር ወጣን፤ ከዚያም የዳዊት ግንብ የሚባለውን አምባ በስተ ቀኝ ትተን፥ በረዣዥም ቅጥሮች መካከል በሚያልፈው ጠባብ መንገድ ወደ አርመኖች ሰፈር ሄድን። ከተሳላሚው የሚበዛው ይህን ሰፈር ሳያይ ይመለሳል። ነገር ግን የኢትዮጵያ መንግሥት የማርሽ ሙዚቃ አንዱ ሥሩ ከዚህ ግቢ የተመዘዘ ስለ ሆነ፥ የቤተ መንግሥትን ሥርዐት የሚያውቅ ሰው ሳያየው ቢቀር ያሳዝናል።

የቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን ለእንግዳ የሚከፈተው በጸሎት ሰዓት ስለ ሆነ ከደጅ ጥቂት ቆየን። በመግቢያው ሥር የእንጨትና የብረት ሳንቃዎች ተንጠልጥለው ይታያሉ። ደወል መደወል ለክርስቲያን በተከለከለበት ዘመን ሕዝቡን ለጸሎት የሚጠሩት እነዚህን እየመቱ ነበረ። በጣና ደሴቶች የድንጋይ ደወል ሲመታ የሰማ ሰው ይህን እንግዳ ነገር አይለውም። ከውስጥ ሲገቡ ከጣራው የወረዱት ቀንዲሎች ብዛት ያስደንቃል። ካህናቱ ሲያዜሙ አዳመጥን፤ ቋንቋውን ባንሰማም በሃይማኖት እኅትማማች አብያተ ክርስቲያናት ስለ ሆንን የጸሎቱ አካሄድ አልጠፋብንም። ዜማቸው የለዘበ ነው፤ ጸናጽልና ከበሮ ለለመደ ጆሮ ግን ጥቂት ይጎድለዋል።

በ1907 ዓ.ም. በቱርክ መንግሥት ግዛት በአርመኖች ላይ ያ ታላቅ ፍጅት በወረደ ጊዜ፥ አባትና እናታቸው ያለቁባቸው ሕፃናት በየበረሓው ተበተኑ። ከሞት የተረፉት ብዙዎቹ በየአገሩ መጠጊያ ሲፈልጉ፥ ይህ ገዳም ደጁን ከፈተላቸው። ዳቦና መኝታ ብቻ ተሰጥቷቸው አልቀሩም፤ ትምህርትም ተማሩ፤ ከእነርሱም ጥቂቶቹ ጥሩምባና ከበሮ ተሰጥቷቸው በአንድነት መንፋትን ለመዱ። ወላጅ ላጣ ልጅ ጥሩምባ ምን ይረባዋል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኛ ግን እንደዚህ እናስባለን፤ ቤተ ሰቡን በአንድ ቀን ያጣ ልጅ፥ የጓደኛውን ድምፅ ሰምቶ የራሱን የሚያስማማበት፥ ቢጎድልም የሚፈለግበት ስፍራ ማግኘቱ ከልብስ የሚያንስ ስጦታ አይደለም።

ልዑል አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ ሲሄዱ በ1916 ዓ.ም. የትንሣኤን በዓል በኢየሩሳሌም አከበሩ። በዚያን ጊዜ እነዚህን ልጆች አይተው ደስ ስላሰኟቸው፥ ከአርመኖች ፓትርያርክ ጋራ ተነጋግረው አርባውን ወደ ኢትዮጵያ ለማምጣት ፈቃድ ተቀበሉ። ልጆቹም ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋራ በዚያው ዓመት በጳጉሜን ወር አዲስ አበባ ገቡ። የከተማው ሰው «አርባ ልጆች» አላቸው፤ ስማቸውም ይኸው ሆኖ ቀረ። የመንግሥቱ የመጀመሪያ ሹመኛ የሙዚቃ ጓድ እነርሱ ናቸው። ኬቮርክ ናልባንዲያን የደረሰው ማርሽ፥ ዮፍታሔ ንጉሤ ቃሉን ገጥሞለት፥ ከ1923 ዓ.ም. የዘውድ በዓል ጀምሮ ዘውዱ እስከ ወረደበት እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ ኖረ። አገሩን ያጣ ሰው ለሌላው አገር መዝሙር መስጠቱን ስናስብ ዝም ማለት ይቀናናል።

እርግጥ የነሐስ መሣሪያ ወደ አገራችን የመጣው በእነርሱ ጊዜ አይደለም፤ ከአድዋ ድል በኋላ የመስኮብ ንጉሥ ለዐፄ ምኒልክ ልከው ነበረ። በአንድነት የመንፋትም ጥበብ ለእኛ እንግዳ አልነበረም። በመኳንንት ፊት እምቢልታ የሚነፉትን ሦስት ሰዎች ልብ ብሎ ያየ ያውቀዋል፤ እያንዳንዱ የያዘው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማው የሚሞላው አንዱ ሲያቆም ሌላው በጊዜው ሲቀበለው ነው። አንዱ ቢታመም የቀሩት ሁለቱ ዜማውን ሊያደርሱት አይችሉም።

የቤተ ክርስቲያናችን ዜማ ትምህርትማ ከሁሉ የከበደ ነው። ድጓ ሊያስመሰክር ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም የሚወርደው ተማሪ፥ ግዕዙን ዕዝሉን አራራዩን እስኪለይ፥ ይዘቱንና ድፋቱን፥ ጭረቱንና ርክርኩን በአፉ እስኪያጠና ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። ቀን ያጠናል፤ ሲመሽ አኮፋዳውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ ውሻ ይነክሰዋል። ይህን ያለፉ ሰዎች ከአንባቢዎቻችን መካከል ጥቂቶች እንዳይደሉ እናውቃለን። የአርባው ልጆች ትምህርት በወረቀት በተጻፈ ምልክት ስለ ነበረ ፈጥኖ ይያዛል፤ የእኛው ግን በሰው ልብ ስለሚጻፍ መጽሐፉ ቢቃጠል እንኳ አይጠፋም። የትኛው ይበልጣል ተብሎ መከራከር የማያስፈልግ ነው፤ ሁለቱም የሚጠይቁት ልጅነትን ነውና፥ ጢም ካወጡ በኋላ ሊጀምሯቸው ያስቸግራል።

ችግሩ ያለው ከወላጆች ዘንድ ነው። መኰንኑ በግብሩ ላይ አዝማሪውን ሰምቶ ይስቃል፥ ይሸልማል፤ ልጁ መሰንቆ ቢያነሣ ግን ዘሩን ያዋረደ ይመስለዋል። ስለዚህ በቤተ መንግሥቱ ፊት ማርሽ የሚነፉት የሌላ አገር የሙት ልጆች ሲሆኑ፥ የጌታ ልጅ ቆሞ ያይ ነበር።

ከዚህ ልማድ የወጣ አንድ ቤት ግን ነበረ። ከአሮጌው ከተማ ቅጥር ውጭ፥ የኢትዮጵያ መንገድ በሚባለው ጎዳና ላይ፥ በዐፄ ዮሐንስ ዘመን ተጀምሮ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመው የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን አለ። በዚህ ገዳም ግቢ በምትገኝ ጠባብ ክፍል፥ ከአንድ ፒያኖ ጋራ ብዙ ዘመን የኖሩት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በሚሲዮን የተማሩ ሰው ስለ ነበሩ፥ ይህችን በ1916 ዓ.ም. የተወለደች ልጃቸውን፥ የያኔዋን የውብዳርን፥ በስድስት ዓመት ዕድሜዋ ከእኅቷ ከስንዱ ጋራ ወደ ስዊስ አገር ላኳት። በዚያም ቫዮሊንና ፒያኖ ተማረች። በ1929 ዓ.ም. ጣልያኖች ቤተ ሰቡን ማርከው ወደ አዚናራ ደሴት አጋዙ። ከነጻነት በኋላ ወደ ካይሮ ሄደው ኮንቶሮዊች ከሚባሉ የፖሎኝ ተወላጅ መምህር ተማሩ። ወደ ሎንዶን ሄደው ትምህርታቸውን እንዲጨርሱ የተገኘው ዕድል ግን ተከለከለ። ይህ ኀዘን እጅግ ስለ ከበደባቸው ወደ ግሸን ማርያም ወጥተው መነኰሱ፤ ዐሥር ዓመት ያህልም ጫማ ሳያደርጉ ኖሩ።

የአርባው ልጆች ዘርፍም አልደረቀም። የኬቮርክ ወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ወደ አዲስ አበባ መጥቶ የማዘጋጃ ቤቱንና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርን ሙዚቀኞች መራ፤ ያስተማራቸውም የአገር ልጆች ነበሩ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት በቅዱስ ያሬድ ስም ይጠራል፤ ፒያኖና ክራር፥ ቫዮሊንና መሰንቆ በአንድ ጣራ ሥር ይሰማሉ። የወላጅ ኩራት እንደ ቀድሞው ቢሆን ኖሮ ያ ቤት ባዶውን በቀረ ነበር።

እማሆይ ጽጌ ማርያም በኋላ ጎንደር ተቀምጠው የያሬድን ዜማ ሲያጠኑ፥ በቤተ ክርስቲያን ደጅ እያደሩ ለምነው የሚማሩትን የዜማ ተማሪዎች በየቀኑ ያዩ ነበር። የሚሰጧቸው ገንዘብ ስላልነበራቸው በፒያኗቸው ሊረዱ ቈረጡ። የመጀመሪያው ሸክላቸው በ1959 ዓ.ም. ገደማ በጀርመን አገር ታተመ፤ ከሸክላዎቻቸውም የተገኘውን ገቢ ለሙት ልጆች መርጃ አዋሉት። በመጋቢት ወር 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ዐረፉ፤ በስማቸው የቆመው ድርጅትም ችግረኛ ለሆኑ ልጆች የሙዚቃ ትምህርት ይሰጣል።