ከሌክሲንግተን ወደ ቤርያ

ከሌክሲንግተን ተነስቶ በ75 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ለሚነዳ መንገደኛ ቤርያ ለመድረስ አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅበትም። የኬንታኪ የፈረስ ማርቢያ ሜዳ አልቆ የአፓላቺያ ኮረብቶች ሲጀምሩ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ስሟ ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 የተወሰደ ነው። በከተማዋ ያለው የቤርያ ኮሌጅ መሪ ቃልም ከዚያው ምዕራፍ ነው፤ እግዚአብሔር የምድርን ሕዝብ ሁሉ ከአንድ ደም እንደፈጠረ ይናገራል።

ወደዚያ የሳበኝ የሰማሁት ወሬ ነበር፤ እውነት ሆኖ አገኘሁት። ቤርያ ኮሌጅ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1892 ጀምሮ የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም። የሚቀበለውም በአብዛኛው አቅም የሌለውን ነው። አሜሪካ ልጅ የሚያሳድግ ሐበሻ ሁሉ የኮሌጅ ዕዳን ያውቀዋልና ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻኝም። ተማሪው ሁሉ ግን በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት ይሠራል።

ምሳ የበላሁት በ1909 በተከፈተው የኮሌጁ ሆቴል፣ በቡን ታቨርን ነው። ያስተናገደችኝ ተማሪ ከበቆሎ ዱቄት የተጋገረውንና በማንኪያ የሚበላውን ስፑን ብሬድ አቀረበችልኝ። «ሥራው ጥናትሽን አይሻማብሽም?» አልኳት። «ይሻማል። ግን ሁላችንም ስለምንሠራ የሚያፍር የለም» አለችኝ። ቆየት ብዬ የመጥረጊያ መሥሪያ ቤቱን አየሁ። ከ1920 ጀምሮ ተማሪዎች መጥረጊያ ይሠሩበታል። ጭራሮ የመሰለውን ነገር ቀረብ ብዬ ሳየው የማሽላ ዝርያ ነው! የኛ አገር ሰው የሚያውቀውን ተክል በኬንታኪ ተማሪ እጅ ማየት ደስ አሰኘኝ።

ታሪኩ ግን እንዲህ ለስላሳ አይደለም። መሥራቹ ቄስ ጆን ፊ የባሪያ አሳዳሪ ልጅ ሆነው ሳለ ባርነትን አጥብቀው የተቃወሙ ሰው ነበሩ። ባርነት በተፈቀደበት ግዛት በ1855 አንድ ክፍል ያላት ትምህርት ቤት ከፈቱ። በ1859 መጨረሻ የታጠቁ ሰዎች መጥተው የቤርያን መምህራንና ቤተሰቦቻቸውን አባረሩ። ከእርስ በርሱ ጦርነት በኋላ ተመልሰው በ1866 ሲጀምሩ ከ187ቱ ተማሪዎች 96ቱ ጥቁሮች፣ 91ዱ ነጮች ነበሩ። ወንዱም ሴቱም አብሮ ይማር ነበር። ባርነት በኬንታኪ ከቀረ ገና ዓመቱ ነበርና፣ ይህ ቁጥር ለእኔ ከየትኛውም ሕንጻ ይበልጣል።

በ1904 የኬንታኪ ምክር ቤት ጥቁርና ነጭ አብረው እንዳይማሩ ከለከለ። በኬንታኪ ሁለቱን አብሮ የሚያስተምር ኮሌጅ ቤርያ ብቻ ስለነበረ ሕጉ የወጣው በእርሱ ላይ ነው። የታሪክ ሊቁ ካርተር ውድሰን ከዚያ የተመረቁት በ1903፣ በሩ ሊዘጋ አንድ ዓመት ሲቀረው ነበር። ኮሌጁ ተከራከረ፤ በ1908 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተረታ። የኬንታኪው ተወላጅ ዳኛ ጆን ሃርላን ግን በውሳኔው አልተስማሙም። ኮሌጁ ለጥቁሮች ሊንከን ኢንስቲትዩት የተባለ ትምህርት ቤት እንዲቋቋም ረዳ፤ ራሱ ግን ነጮቹን ብቻ ይዞ ቀጠለ። ሕጉ እስከተሻሻለበት እስከ 1950 ድረስ ያለፉት 46 ዓመታት መሪ ቃሉ ግድግዳ ላይ ብቻ የቀረባቸው ናቸው ብዬ አምናለሁ። ጥቁሮቹ የተመለሱት በሩ በተከፈተበት በዚያው ዓመት መሆኑ ግን ያጽናናል።

በዚያ በኩል የምታልፉ ከሆነ ከአውራ ጎዳናው ውጡና ቤርያ ግቡ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ ካላችሁ ደግሞ ይዛችሁት ሂዱ።