ገዳዩን ቀድመው ያወቁት አሮጊት

እንግሊዞች ለገና ከሚሰጣጡት ስጦታ አንዱ የግድያ ታሪክ ነው። ለሐበሻ አንባቢ ነገሩ ግራ ሊሆን ይችላል፤ የጌታ ልደት፣ የቤተሰብ ማዕድ፣ የሚነድ ምድጃ፣ ከምድጃው ማዶ ደግሞ ሬሳ። ገበያው ግን የቆየ ነው። የአጋታ ክሪስቲ አሳታሚ ኮሊንስ «ክሪስቲን ለገና» እያለ በዓመቱ መጨረሻ አዲስ መጽሐፏን ያወጣ ነበር፤ ገዢም አላጣም።

በዓል ለእንዲህ ዓይነት ታሪክ ይመቻል። ዓመቱን ሙሉ ተራርቆ የኖረ ዘመድ በአንድ ጣሪያ ሥር ይሰበሰባል። ኑዛዜ የሚጠብቅ አለ፣ የቆየ ቂም የያዘ አለ፣ ሳይጠራ የመጣም አለ። በዓሉ ሳያልፍ ተነሥቶ መሄድ ነውር ስለሆነ ሁሉም ፊት ለፊት ተፋጥጦ ይቀመጣል። ደም ብዙም አይታይም፤ አንባቢ የሚፈልገው እንቆቅልሹን ነው። የክሪስቲ የእህቷ ባል ጄምስ እንዲያውም ግድያዎቿ ደም እያነሳቸው መጡ ብሎ ቢያጉረመርም፣ የ1938ቱን የሄርኩል ፖዋሮ የገና ልብወለድ ደም በደም አድርጋ ለእሱ መታሰቢያ ሰጠችው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ፖዋሮ ግን ባለሙያ ነው፤ ይቀጠራል፣ ይከፈለዋል። ይበልጥ መተዋወቅ የሚገባው ማንም ከማይቀጥራቸው ከሚስ ጄን ማርፕል ጋር ነው። «ሚስ» የሚለውን መልሶ «ወይዘሪት ማርፕል» ማለት ትንሽ ያስቃል፤ ሳያገቡ ያረጁ፣ ፀጉራቸው የነጣ የገጠር ሴት ናቸውና። የሚኖሩት ሴንት ሜሪ ሚድ በምትባል የልብወለድ መንደር ነው። አትክልታቸውን ይኮተኩታሉ፣ ሹራብ ይሠራሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ የጎረቤቱን ገመና ሁሉ ያውቃሉ። ፖሊስ አይደሉም፣ ጠበቃ አይደሉም፣ ማዕረግም ደመወዝም የላቸውም። ያላቸው አንድ ትልቅ ሀብት ሰው ከቁም ነገር የማይቆጥራቸው መሆኑ ነው፤ ጥግ ይዛ ሹራብ የምትሠራ አሮጊት ፊት ምላሱን የሚቆጥብ የለም።

ለመጀመሪያ ጊዜ አንባቢ ፊት የቀረቡት በዲሴምበር 1927 በመጽሔት ላይ በወጣ አጭር ታሪክ ነው። በ1930 ደግሞ የመጀመሪያው ረጅም ልብወለዳቸው ታተመ፤ በጠቅላላው 12 ረጃጅም ልብወለዶችና 20 አጫጭር ታሪኮች አሏቸው። አወላለዳቸው ራሱ ጨዋታ ነው። በ1926 በታተመው «የሮጀር አክሮይድ ግድያ» ውስጥ ካሮላይን የምትባል የሐኪም እህት አለች፤ ከቤቷ ሳትወጣ የመንደሩን ወሬ ሰምታ የጨረሰች። መጽሐፉ ለመድረክ ሲዘጋጅ ካሮላይን ወጥታ በምትኳ ወጣት ልጅ ገባች። ክሪስቲ ይህ አበሳጫት፤ ሚስ ማርፕል ከዚያ ብስጭት ሳይወለዱ እንዳልቀሩም ራሷ ጽፋለች። ሌላዋ ምንጭ አያቴ የምትላቸው ሴት ነበሩ፤ ተጫዋች፣ ደስተኛ፣ ነገር ግን ከማንም ሰው ክፉውን የሚጠብቁ፣ አብዛኛውን ጊዜም ግምታቸው የሚሰምር።

የሚስ ማርፕል የምርመራ ዘዴ ነገርን በምሳሌ ነው። አዲስ ሰው ሲያዩ ከመንደራቸው ሰው ጋር ያመሳስሉታል፤ ይህ ባለጸጋ የእገሌን ልጅ ይመስላል፣ ይህች እመቤት ያቺን ሠራተኛ ታስታውሳለች፣ እያሉ። የተማረው ሰው ይስቅባቸዋል። አክስቴ የሚላቸው ደራሲው ሬይመንድ ዌስት መንደሯን ከረጋ ኩሬ ጋር ሲያመሳስላት፣ ከረጋ ኩሬ የተቀዳች አንዲት ጠብታ በማይክሮስኮፕ ስትታይ ምን ያህል ፍጥረት እንደሚተራመስባት ያስታውሱታል። እሱ ለልብወለዱ ሰው ፍለጋ ሩቅ ያያል፤ እሳቸው ግን በመስኮት ብቻ አይተው ከእሱ የበለጠ ሰው ያውቃሉ።

እስከዚህ ድረስ ደስ የምትል የሰፈር አሮጊት ናቸው። ከአንዷ የገና ታሪክ በኋላ ግን ይከብዳሉ።

ታሪኳ በ1932 በወጣው የአጫጭር ታሪኮች መድበል ውስጥ የምትገኘው «የገና ሰሞን መከራ» ልትባል የምትችል ናት። ተራኪዋ ራሳቸው ሚስ ማርፕል ናቸው፤ ከእራት በኋላ በአንድ ኮሎኔል ቤት እንግዶች ተሰብስበው ተራ በተራ ያወጋሉ። ከአድማጮቹ አንዱ የስኮትላንድ ያርድ የቀድሞ ኃላፊ ሰር ሄንሪ ክሊዘሪንግ ናቸው። ነገሩ የሆነው ገና ሲቃረብ፣ ሰው ለጤናው በሚሄድበት የውሃ ሕክምና ሆቴል ውስጥ ነው፤ ፍልውሃን ከነማደሪያው ማሰብ ይበቃል። እዚያ ሳንደርስ የሚባሉ ባልና ሚስት አርፈዋል። ሚስ ማርፕል ሁለቱን አንድ ላይ እንዳዩ ባልየው ሚስቱን ሊገድላት እንዳሰበ አወቁ። ጠረጠሩ ማለት ያንሳል፤ አወቁ ነው የሚሉት። የፖሊሱ ሰው ይህን ሲሰሙ ዝም ማለት አልቻሉም። በምን አወቁ? ያወቁት በምሳሌ ነበር፤ በመንደራቸው መጠጥ ቤት የነበረው አንድ ሰው ትዝ ብሏቸው ነው። የዚያ ሰው ሚስት ወንዝ ውስጥ ወድቃ ሞተች፣ እሱም የመድን ገንዘቧን ተቀበለ።

ቀጥሎ የትራሙ ነገር መጣ። ባለ ፎቅ ትራም ላይ ባልየው ሚዛኑን የሳተ መስሎ ሚስቱ ላይ ወደቀባት፤ እሷም በደረጃው ቁልቁል ሄደች። ደግነቱ ቲኬት ቆራጩ ጠንካራ ሰው ነበርና ያዛት። ለተሳፋሪው ተራ አደጋ ነው፣ ለሚስትየዋም እንደዚያው። አንዲት አሮጊት ብቻ ያዩትን አይተዋል።

ታዲያ ምን ያድርጉ? ፖሊስ ጣቢያ ሄደው «ይህ ሰውዬ የሰፈሬን ባለመጠጥ ቤት ይመስላል» ይበሉ? ሚስትየዋ ባሏን ትወዳለች፤ ቢነግሯት እሳቸውን ነው የምትጠላው። ሰውየውን መጠበቅ ብቻ ቀረ፤ አንዲት ደካማ አሮጊት ደግሞ ቀንና ሌሊት ሰው ልትጠብቅ አትችልም። ገና ሳይደርስ ሴትየዋ ተገድላ ተገኘች።

በሌሎቹ የበዓል ታሪኮች ሬሳው መጀመሪያ ይገኛል፣ መርማሪው በኋላ ይደርሳል፣ ስለዚህ ለሞቱ ማንም መርማሪውን አይጠይቅም። እዚህ ግን መርማሪዋ ቀድመው ነበሩ። አውቀው አላዳኑም። ክሪስቲ በጥቂት ገጽ ታሪክ ውስጥ ይህን ያህል ሸክም መጫኗ ይገርማል፤ ሹራቡንና ሻዩን ብቻ የሚያስታውስ አንባቢ አሮጊቷን ገና አላወቃቸውም።

ከዚህም ይብሳል። የባልየው መከላከያ የማይነቃነቅ ሆኖ ተገኘ፤ በሰዓቱ የት እንደነበረ ከሚመሰክሩለት ሰዎች አንዷ ደግሞ ራሳቸው ሚስ ማርፕል ናቸው። ገዳይ መሆኑን ያውቃሉ፣ ያዩትን በእውነት ቢናገሩ ግን ነፃ ያወጡታል። ሌላ ሰው ቢሆን ሰዓቱን ትንሽ ያሸጋሽግ ነበር፤ ለበጎ ነው ብሎ፣ ወንጀለኛ መሆኑ የታወቀ ነው ብሎ። እሳቸው አልነኩትም። ያዩትን እንዳዩት ይዘው የማትገጥም አንዲት ነገር ፍለጋ ገቡ። ፍለጋው አንድ ባርኔጣ ላይ አደረሳቸው። የባርኔጣውን ነገር እዚህ መዘርዘር ግን አንባቢን መቀማት ነው።

ይህ ባሕርይ ዛሬ ብርቅ ነው። በየቻናሉና በየገጹ የሚሠራው ምርመራ ብዙው የሚስ ማርፕልን የመጀመሪያ እርምጃ ብቻ የሚያውቅ ነው፦ «ፊቱን እዩት፣ እንደዚያኛው ሌባ አይመስልም?» ማታ ስም ይጠራል፣ ሌሊት ፎቶ ይዞራል፣ ጠዋት ሰውየው ሌላ ሆኖ ይገኛል፤ ማስተካከያው ከተጻፈም በሁለት መስመር ነው። መጠርጠር ጥፋት ሆኖ አይደለም። አሮጊቷ ከማንም በላይ ተጠራጣሪ ናቸው። ልዩነቱ ጥርጣሬያቸውን ማስረጃ ብለው አለመጥራታቸው ላይ ነው፤ ያ ጥንቃቄ ሰው ያስከፈለ ሆኖ ሳለ እንኳ።

ክሪስቲ ደግሞ ይህን ነገር ከቤቷ ታውቀዋለች። ዲሴምበር 3 ቀን 1926 ማታ ከቤት ወጣች፤ በማግስቱ መኪናዋ በሰሪ አውራጃ ኒውላንድስ ኮርነር በሚባል ቦታ ባዶውን ተገኘ። ባሏ አርቺባልድ ሌላ ሴት መውደዱን ነግሮ ፍቺ ጠይቋት ነበር። ፖሊስና በሺህ የሚቆጠር ፈቃደኛ ዱሩን አሰሰ፣ ጋዜጣው በየዕለቱ ጻፈ። ብዙ ሰውም በልቡ ፈረደ፦ ባልየው ገድሏታል። ምክንያት አለው፣ ወዳጅ አለችው፣ በዚያች ሌሊትም ቤቱ አላደረም። ሁሉም ይገጥማል። በ11ኛው ቀን ክሪስቲ በሃሮጌት ከተማ፣ ስዋን በሚባል የውሃ ሕክምና ሆቴል፣ በሕይወት ተገኘች። የተመዘገበችው በባሏ ወዳጅ የቤተሰብ ስም ነበር፤ ለይተው ያወቋትም የሆቴሉ ሙዚቀኞች ናቸው። ባልና ሚስቱ በ1928 ተፋቱ። በግለ ታሪኳ ስለነዚያ ቀናት አንዲት ነገር አልተነፈሰችም።

ዲሴምበር፣ የውሃ ሕክምና ሆቴል፣ ሚስቱን ሊገድል ነው ወይም ገድሏል የተባለ ባል። ክሪስቲ ታሪኳን ስትጽፍ ይህን አስባው ይሆን? አስባዋለች ማለት ያለ ማስረጃ መገመት ነው፤ ሚስ ማርፕልም አይቀበሉትም። የሚታየው ግን ይኸው ነው፦ አገር በሙሉ አርቺባልድን ጠርጥሮ ተሳሳተ፣ አሮጊቷ ሳንደርስን ጠርጥረው ትክክል ሆኑ። ማስረጃው ከመምጣቱ በፊት ግን ሁለቱ ጥርጣሬዎች መልካቸው አንድ ነበር።

ሚስ ማርፕልን መውደድ ሁልጊዜ ቀላል አይደለም። በታሪኳ መጨረሻ ሰውየው ተሰቅሏል፤ እሳቸውም በስቅላቱ ቅንጣት አያዝኑም፣ እንዲያውም ለወንጀለኛ የሚራራውን አዲሱን አስተሳሰብ ይሸረድዳሉ። እንደ ዘመናቸው ሰው ነው የሚያስቡት፤ እዚህ ላይ አብሯቸው የማይቆም አንባቢ ይኖራል፣ ደግሞም አለመቆሙ ደግ ነው።

በፊልም ለሚተዋወቃቸው፣ በ1960ዎቹ በማርጋሬት ራዘርፎርድ የተሠሩት አራት ፊልሞች ለሳቅ ናቸው። እውነተኛዋን አሮጊት የሚፈልግ ከ1984 እስከ 1992 ቢቢሲ ያቀረባትን ጆን ሂክሰንን ይመልከት፤ ዓይኗ ከወሬዋ በላይ ይናገራል። ረጅም ልብወለድ የሚሻ፣ ሬይመንድ ከፍሎላቸው ወደ አንዲት የካሪቢያን ደሴት ለዕረፍት የሄዱበት የ1964ቱ መጽሐፍ አለ፤ ፀሐይና ባሕር እያሰለቻቸው ሳለ አንድ ጡረተኛ ሻለቃ የገዳይ ፎቶ ላሳይዎት ብሎ ኪሱን ሲፈታ ድንገት ወሬውን ይለውጣል። ከሁሉ በፊት ግን የገናዋ ታሪክ ትቅደም። አጭር ናት፤ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ታልቃለች።