ከመቃብር በላይ የዋለ ስም

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲሉ አባቶቻችን ያስተማሩን ቃል በሁላችንም ዘንድ የታወቀ ነው። ነገር ግን የሰውን ስም ከመቃብር በላይ የሚያውለው ምን ዓይነት ሥራ ነው? ይህን እንዳስብ ያደረገኝ ጆይ ደንሎፕ የተባለ የሰሜን አየርላንድ ሰው ታሪክ ነው።

ደንሎፕ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. ባሊመኒ በምትባል ታናሽ ከተማ አጠገብ ተወለደ። ከወጣትነቱ ጀምሮ ልቡ ወደ ሞተር ብስክሌት አዘነበለ። በዚያ አገር እሽቅድምድሙ ብዙ ጊዜ የሚደረገው ለጊዜው በተዘጋ የሕዝብ መንገድ፥ በግንብ አጥርና በዛፍ መካከል ስለ ሆነ፥ ለሚሳሳት ሰው ምሕረት የለውም። ከሁሉ ይልቅ ዝነኛ የሆነው በአይል ኦቭ ማን ደሴት የሚደረገው ቱሪስት ትሮፊ ሲሆን፥ የአንዱ ዙር ርዝመት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደንሎፕ በዚህ ስፍራ ከ1977 እስከ 2000 ድረስ 26 ጊዜ አሸነፈ፤ የመጨረሻዎቹን ሦስት ድሎች ያገኘውም በ48 ዓመት ዕድሜው ነበረ።

ይህን ያህል ክብር ያገኘው ሰው ግን ንግግር የማያበዛ፥ ሞተሩን በገዛ እጁ የሚፈታና የሚገጥም፥ በከተማው መጠጥ ቤት ከፍቶ የሚኖር፥ የአምስት ልጆች አባት ነበረ። ከዚህም በላይ ምግብና ልብስ በመኪናው ጭኖ፥ ራሱ እየነዳ፥ ወደ ሮማንያ፥ ወደ አልባንያና ወደ ቦስንያ ለችግረኞች ያደርስ ነበር። የአገሩም መንግሥት ሁለት ጊዜ ሸልሞታል፤ በ1986 ስለ እሽቅድምድሙ፥ በ1996 ደግሞ ለሮማንያ ወላጅ አልባ ሕፃናት ስላደረገው ርዳታ።

በሐምሌ ወር 2000 በኢስቶንያ ዋና ከተማ በታሊን ሲሽቀዳደም፥ መንገዱ በዝናም ርሶ ነበርና ሞተሩ ከመስመር ወጥቶ ከዛፍ ጋር ተጋጨ፤ እርሱም በዚያው ሞተ። በቀብሩ ቀን 50,000 ያህል ሕዝብ ሸኘው።

እኔም የቤተ ሰብ አባት እንደ መሆኔ መጠን ይህን ታሪክ ሳነብ ልቤ በሁለት ይከፈላል። የበኩር ልጄ የሞተር ድምፅ በሰማ ቍጥር ወደ ደጅ የሚሮጥ ነውና፥ ስለ ደንሎፕ ድል ብቻ ብነግረው እውነቱን ከፍዬ እንደ ሰጠሁት ይቈጠራል። የሚወዱት አባት በአንድ ቀን ከአምስት ልጆች ተለይቷል። ታናሽ ወንድሙ በ2008፥ ከወንድሙም ልጆች አንዱ በ2018 በዚሁ ዓይነት እሽቅድምድም ሕይወታቸው አልፏል። በዚያ ቤት ያለውን ኀዘን ሳይናገሩ ጀግንነቱን ብቻ መናገር ለልጅ መልካም ምክር አይደለም። እንደዚሁም ሰውየው የወደደውን ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው ብሎ መፍረድ የሟቹን ልብ አለማወቅ ነው። ስለዚህ ለልጄ ሁለቱንም ነገርሁት።

ደንሎፕ የተወው የ26 ድል ቍጥር በ2024 ተሽሯል፤ የሻረውም ሌላው የወንድሙ ልጅ ነው። የፍጥነት ክብር እንዲህ ነው፤ ዛሬ የአንዱ፥ ነገ የሌላው ይሆናል። በብርድ አገር ቈይቶ ለነበረ ወላጅ አልባ ሕፃን የደረሰውን ልብስና ምግብ ግን ማንም ቀድሞ ሊሽረው አይችልም። ያን ሁሉ ሩቅ መንገድ ሲነዳ በዳር ቆሞ የሚያጨበጭብ ሕዝብ አልነበረም፤ ሰዓት ቈጣሪም አልነበረም። የሟቾቻችንን መታሰቢያ ስናደርግ እኛም ልናስታውስላቸው የሚገባን፥ ማንም ሳያያቸው የሄዱበትን እንዲህ ያለውን መንገድ ነው።