«ወደ ሐረር ጉዞ» ከሐኪም ጋራ ሲደመጥ

በአገራችን ስለ ዘመናዊ ሙዚቃ በተነሣ ቁጥር ክብሩ የሚቸረው ለድምፃዊው ነው። ሸክላው በስሙ ይጠራል፤ የካሴቱ ሽፋን የእሱን ፎቶግራፍ ይይዛል፤ ከኋላው ሆኖ ሌሊቱን ሙሉ ሲጫወት ያደረው ባለ ጊታር ግን «ባንዱ» በሚል የወል ስም ይታለፋል። ከዚህ ልማድ ወጣ ያለ አንድ ካሴት አለ። ኃይሉ መርጊያ ከዳህላክ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1978፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር በ1970/71 ዓ.ም. ያወጣው ሲሆን የመሣሪያ ሙዚቃ ነው። ስሙም «ወደ ሐረር ጉዞ» ይባላል።

ኃይሉ በዚያን ጊዜ የዋልያስ ባንድ የኦርጋን ተጫዋች ነበር። ዋልያስ በሂልተን ሆቴል ሲሠራ ዳህላክ ወጣቱ በሚያዘወትረው በግዮን ሆቴል ክበብ ይጫወት ነበር። ቅጂውም የተከናወነው እዚያው ግዮን ውስጥ፣ ክበቡ ለእንግዳ ከመከፈቱ በፊት ከቀትር በኋላ ባሉት ሰዓቶች፣ በሦስት ቀን ነው። ዘመኑ የሰዓት እላፊ ዘመን ስለ ነበረ፣ አምሽቶ የቆየ ሰው እስኪነጋ እዚያው ከባንዱ ጋር ያድራል። እንዲህ ለረጅም ሌሊት አብረው የሚጫወቱ ሰዎች የጓደኛቸውን እጅ ሳያዩ ማወቃቸው አይቀርም፤ በካሴቱም ላይ የሚሰማኝ ይኸው መተዋወቅ ነው።

ሌሎች መሣሪያዎችም አሉ፤ የእኔ ጆሮ ግን ኦርጋኑንና ጊታሩን ይከተላል። የሁለቱ ጠባይ ለየቅል ነው። ኦርጋን ጣት እስካልተነሣ ድረስ ድምፁን ይዞ ይሄዳል፤ የጊታር ድምፅ ግን ክሩ እንደ ተመታ መክሰም ይጀምራል። አንዱ እንደ ማሲንቆ ይስባል፤ ሌላው እንደ ክራር ይቆጥራል። ኃይሉ ወደ ኦርጋን የመጣው ከአኮርዲዮን በመሆኑ ይመስለኛል፣ ዜማውን ትንፋሽ እንደሚወስድ ሰው እያረፈ ያወርደዋል። ጊታሩ የሚገባው በዚያች ዕረፍት ውስጥ ነው። አይሽቀዳደምም፤ «እሺ፣ ከዚያስ?» እንደሚል ጥሩ አድማጭ ሁለት ሦስት ድምፅ ጣል አድርጎ ዝም ይላል። «እምቧ በይ ላሚቱ» በተባለው ዜማ ላይ ግጥሙን የሚያውቅ ሰው በልቡ ይሞላዋል፤ የማያውቀውም የራሱን ነገር ያስገባበታል። የመሣሪያ ሙዚቃን «ያልተጠናቀቀ ዘፈን» አድርገው የሚቆጥሩ ወዳጆቼ ይህችን ነፃነት ልብ ቢሏት ደስ ይለኛል።

ካሴቱ የሐረር ዜማ ማኅደር ነው ለማለት አልደፍርም። የሐረርን ምት የሚሻ ሰው ዝክሪ በሚባልበት ቤት ተቀምጦ ከበሮውንና ከእንጨት የሚሠራውን ከበል ያድምጥ፤ አለዚያም በመኪና ግርግር ይለፍ። በልብስ ስፌት መኪናዎች ጩኸት መንገድ የሰየመች ከተማ ስለ ድምፅ ከእኛ ትምህርት አትፈልግም። ሥራው የሚነግረኝ ስለ መድረሻው ሳይሆን ስለ መንገዱ ነው።

መንገዱ ደግሞ በዚያ ዘመን ቀላል መንገድ አልነበረም። በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ጅጅጋን ይዞ ወደ ሐረር ተቃርቦ ነበር፤ የባቡሩም መሥመር ተቆርጦ ነበር። የካቲት 26 ቀን ጅጅጋ እስክትመለስ ድረስ «ወደ ሐረር» ማለት ለብዙ ቤተሰብ ወደ ጦር ሜዳ ማለት ነበር። ኃይሉ ስሙን ሲያወጣ ይህን አስቦ እንደ ሆነ ወይም እንዳልሆነ መገመት አልሻም። አባቴ ግን በዚያው ዓመት ከአዲስ አበባ የመጡት በጭነት መኪና ተጭነው ነው። ጦርነቱ ሲያበቃ እዚሁ ቀሩ፤ አገቡ፤ እኔም የሐረር ልጅ ሆንሁ። ስለ ጉዞው አንድም ቀን አጫውተውኝ አያውቁም።

ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1981 ከዋልያስ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ኖረ፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ከመኪናው ዕቃ መጫኛ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። «ወደ ሐረር ጉዞ» እ.ኤ.አ. በ2016 እንደገና ታትሞ ወጣ፤ እኔም በእጅ ስልኬ ያገኘሁት ከዚያ ወዲህ ነው።

ባለፈው መስከረም አንድ እሑድ ከአባቴ ጋር ሐኪም ጋራ ላይ ወጣን። ጀጎል ከነግንቡ ከበታቻችን ነበር። ሙዚቃውን ከፈትሁላቸው። እስከ እኩሌታው ዝም ብለው አደመጡ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው፣ «አዋሽ ላይ ውኃ ጠጣን» አሉ። ጥቂት ቆይተው አሰበ ተፈሪን አነሡ፤ ሂርና ላይ ከመኪናው ስለ ወረደ አንድ ጓደኛቸው ተናገሩ፤ ቁልቢ ስንደርስ ብርዱ ጠና አሉ። በእያንዳንዱ ስም መካከል ጊታሩን ይጠብቁ ነበር። አወዳይን አልፈው ሐረር ከመግባታቸው በፊት ዜማው አለቀ።

«ማነው ይህን የሚጫወተው?» አሉኝ።

«ኃይሉ መርጊያ ነው አባዬ፤ የዋልያሱ።»

«እሱንማ ዐውቀዋለሁ፤ ኦርጋኑን ነው የሚጫወት። እኔ የጠየቅሁህ ያንን ባለ ጊታር ነው።»