የደጄ ድንጋይ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ የሌላውን ጥፋት ከመናገር አስቀድሞ የራስን መናገር ይገባልና ከራሴ እጀምራለሁ።

በቤቴ ደጅ እንደ ደረጃ የምንረግጠው አንድ ጥርብ ድንጋይ አለ። በጋምቤላ ዝናም ሲበረታ ጭቃው እግር ስለሚይዝ፣ ለቤተ ሰቤ ጥቅሙ ብዙ ነው። ዳሩ ግን የመጣው ከባሮ ዳር፣ ከወደቡ ዘመን ከቀረ ከአንድ አሮጌ መጋዘን ግድግዳ ነው። ማንም አልሰጠኝም፤ ማንም አልከለከለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የሰፈራችን ሰው ስለዚያ መጋዘን እንዲመክር ለስብሰባ ተጠራ። ሙቀቱ ብርቱ ነበርና ከማንጎ ዛፌ ጥላ ሥር ተቀምጬ፣ «ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የእኔ አንድ ቃል ምን ይፈይዳል?» ብዬ ቀረሁ። ጎረቤቶቼም እንደ እኔው አስበው ኖሮ፣ ስብሰባው ሰው ጎድሎበት ተበተነ። ከዚያ ወዲያ አንዱ ቆርቆሮውን፣ ሌላው እንጨቱን እያነሣ ሄደ። እኔም «ከሚባክን» ብዬ ድንጋዩን በጋሪ አስጫንሁ።

አንድ ቀን ቀድሞ ያስተማርሁት ሰው ትንሽ ልጁን ይዞ ሊጠይቀኝ መጣ። ሕፃኑም ድንጋዩን እየረገጠ፣ «አባባ፣ ይህ ከየት መጣ?» አለኝ። ስንት ዘመን ታሪክ ያስተማርሁ ሰው፣ የምመልሰው አጣሁ።

መልሱ ግን ነበረ። በ1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት ውል፣ በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ በኪራይ እንዲሰጥ ተስማሙ፤ ለጦርና ለፖለቲካ ሥራ እንዳይውልም ተጻፈ። ጣቢያው በጋምቤላ ተቋቋመ። ወንዙ በሚሞላበት በክረምት ወራት የእንፋሎት መርከብ ጨውና ጨርቅ ይዞ ከካርቱም ይመጣ ነበር፤ ከጎሬና ከሳዮ በኩል የወረደውን ቡናም ጭኖ ይመለስ ነበር። ሱዳን ነጻ ከወጣች በኋላ በ1949 ዓ.ም. ቦታው ለኢትዮጵያ ተመለሰ።

አንዳንድ ወጣት፣ «ባዕድ የሠራው ቤት ለእኛ ምናችን ነው?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ያን ቡና ከደጋ ያወረደው፣ ጆንያውንም በጫንቃው የተሸከመው የእኛ አባት ነው። የባዕዱ ስም በመዝገብ ተጽፎ ይኖራል፤ የተሸካሚው ስም ግን አልተጻፈም። ስለዚህ ግድግዳው ሲፈርስ ምስክሩን የሚያጣው ተሸካሚው ነው።

ቅርስ እንዲጠበቅ በ1992 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 209 ወጥቷል። ሆኖም ሕግ እግር የለውም፤ ወደ አደባባይ ይዞት የሚሄድ ሰው ይፈልጋል።

ከሕፃኑ ጥያቄ ወዲህ ስብሰባ ሲጠራ አልቀርም። አብዛኛው ንግግር ስለ ውሃ መውረጃ ቦይና ስለ ቆሻሻ ነው፤ ያሰለቻልም። ይሁን እንጂ አኙዋው፣ ኑዌሩ፣ ከደጋ የመጣውም በአንድ አግዳሚ ተቀምጦ ስለ አንድ ቦይ ሲከራከር መስማት ደስ ያሰኛል። በቅርቡ እኔም ተነሥቼ ስለ ቀሩት አሮጌ ቤቶች ተናገርሁ፤ የደጄን ድንጋይ ከየት እንዳመጣሁትም አልሸሸግሁም። ጥቂቶች ሳቁ። ሁለት ወጣቶች ግን ቤቶቹን ፎቶግራፍ ሊያነሡ፣ የሽማግሌዎችንም ቃል ሊጽፉ ተነሡ።

ድንጋዩ ዛሬም ከደጄ አለ፤ የሚመለስበት ግድግዳ የለምና። ልጄ ሆይ፤ «የመንግሥት ነው» ሲባል የማንም አይደለም ማለት እንዳይመስልህ፤ የአንተም ነው። ስትጠራ ሂድ፤ ያየኸውን ተናገር። እኔ ያን ቀን ከጥላዬ ብነሣ ኖሮ ግድግዳው ይተርፍ እንደ ነበረ አላውቅም፤ ለሕፃኑ የምመልሰው ግን አላጣም ነበር።