የማይፈለግ ወንበር

በዚህች አገር ሰው ከሥልጣን የሚሸሽበት አንድ ቦታ አውቃለሁ፤ እድር። በዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ "ሊቀመንበር ጠቁሙ" ሲባል ቤቱ ጸጥ ይላል። ሽማግሌው መሬት መሬት ያያል፤ ጎልማሳው ስልክ እንደተደወለለት ሆኖ ይወጣል። የተጠቆመውም ሰው "ኧረ በእናታችሁ ተዉኝ፤ ስኳሬ ተነሥቷል፣ ግፊትም አለብኝ፣ ዓይኔም ደክሟል" እያለ የሐኪም ወረቀቱን ሁሉ ይዘረዝራል። ጉባኤው ግን ርኅራኄ የለውም። አጨብጭቦ ይጭንበታል።

ሰባን ከተሻገርኩ ቆየሁ። ንጉሥም፣ ሊቀመንበርም፣ ጠቅላይ ሚኒስትርም አይቻለሁ። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. በቮልስዋገን ተወሰዱ። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. በአውሮፕላን ወጡ፤ እኛ ከሬዲዮ ሰማን። አቶ መለስ ዜናዊ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ወንበራቸው ላይ እንዳሉ ሞት ወሰዳቸው። በዕድሜዬ "ልልቀቅ" ብለው ራሳቸው ሲጠይቁ ያየኋቸው መሪ አቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ናቸው፤ የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም.። ያን ዕለት ማታ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ነበርን። ዜናው ሲሰማ ገንዘብ ያዣችን የያዘውን ካርታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና "እኚህ ሰውዬ እድር ውስጥ ሠርተው ያውቃሉ ማለት ነው" አለ። ለቅሶ ቤት መሆናችንን ረስተን ሳቅን። በማግሥቱ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ወጣ፤ ሳቁም ቆመ።

ስለ ድንኳኑ ካነሣሁ አይቀር፣ በእኔ አስተያየት በዚህ አገር ካሉት ምክር ቤቶች ሁሉ እንደ ልብ የሚነገርበት ለቅሶ ድንኳን ነው፤ ያውም ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ። መጀመሪያ ንፍሮው ይዞራል፣ የሟች ደግነት ይነሣል። ቀጥሎ የዘይት ዋጋ ይመጣል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የዶላር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ከዘይት ወደ ዶላር፣ ከዶላር ወደ መንግሥት ለመድረስ አንድ ሲኒ ቡና እንኳ አይፈጅም። ታዲያ ፊቱን የማናውቀው ሰው ጎንበስ ብሎ ሲገባ ሁላችንም ባንድ አፍ "የዘንድሮው ብርድ ግን!" እንላለን። ይህ ልማድ በደርግ ጊዜ ነበር፣ በኢሕአዴግ ጊዜ ነበር፣ አሁንም አለ። ብርድ በሌለበት በሚያዝያ ሳይቀር ስለ ብርድ አውርተናል።

እኔ የእድሩ ጸሐፊ ነኝ። እኔም በጭብጨባ ነው የተጫነብኝ። ቃለ ጉባኤ ስይዝ ካየሁት ሁሉ የማልረሳው የጭልፋው ነገር ነው። ንብረት ያዡ ቆጠራውን እያነበበ ነበር፤ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ጎላ ድስት፣ ትሪ፣ ጆግ። ጭልፋ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ብድግ አሉና "ጭልፋው አምና ከነበረው አንድ ጎድሏል፤ የት ሄደ?" አሉ። ሰውዬው ማለ፣ ተገዘተ። አንዱ "ከተዝካር ቤት አልተመለሰም" አለ፤ የተዝካሩ ባለቤት ተቆጣ፤ የሟች ስም ያለ አግባብ ተነሣ ተብሎ ይቅርታ ተጠየቀ። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ እየተባልን ያደግን ሰዎች፣ ሹማችንን በአንዲት ጭልፋ እስከ ምሳ ሰዓት ፍርድ ፊት አቆምነው። ይተካ ተባለ። መርካቶ ሄዶ ገዝቶ አመጣ። እኚያው እናት ጭልፋውን በእጃቸው መዘን መዘን አደረጉና "የድሮው ይከብድ ነበር" አሉ። እሱም በቃለ ጉባኤ ተይዟል።

የተወካዮች ምክር ቤት ለ2017 በጀት ዓመት ያጸደቀው 971 ቢሊዮን ብር ግድም ነበር። ዓመቱ ሳይጋመስ ወደ 582 ቢሊዮን ተጨመረበት። ለ2018 ደግሞ 1.93 ትሪሊዮን ሆነ። ትሪሊዮን ስንት ዜሮ እንዳለው የልጅ ልጄን ጠየቅሁት፤ ዐሥራ ሁለት አለኝ። ዐሥራ ሁለቱንም ዜሮ አስጽፌ አየኋቸው፤ ለእኔ ዓይን ሁሉም አንድ ናቸው። እኚያን የጭልፋዋን እናት ግን አንድ ቀን፣ ለአንድ ጠዋት ብቻ፣ በጀቱ ሲነበብ ከኋላ ወንበር ቢያስቀምጡልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

መንግሥትን ሁልጊዜ የሚያማ ሽማግሌ አድርጋችሁ እንዳትወስዱኝ። የህዳሴ ግድብን ቦንድ ከጡረታዬ ቀንሼ ገዝቻለሁ፤ ወረቀቱ ከጋብቻ ወረቀቴ ጋር ባንድ ሳጥን ተቀምጧል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ሲመረቅ በቴሌቪዥን እያየሁ አልቅሻለሁ። ልጄ "አባዬ፣ ብሩስ ይመለሳል?" አለችኝ። "ለእድር ያዋጣሁት መቼ ተመልሶልኝ ያውቃል?" አልኳት።

ምርጫም አላመለጠኝም። በ1997 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 ወንበር 137ቱን ተቃዋሚ ሲያሸንፍ ሰልፉ ላይ ነበርኩ፤ የሆነውን ታውቃላችሁ። ዐሥር ዓመት ቆይቶ በ2007 ዓ.ም. ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ የተወካዮች ምክር ቤቱን ጠራርገው ወሰዱት፤ ለተቃዋሚ አንዲት ወንበር አልቀረችም። በእኛ እድር መቶ በመቶ ተመርጦ የሚያውቅ ሰው የለም። ቢያንስ ተመራጩ ራሱ ይቃወማል።

የእድር ወንበር የሚሸሸው ለምን ይሆን ብዬ ብዙ አስቤበታለሁ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላል ያገሬ ሰው፤ የእድር ሹም የሚበላው ግን ንፍሮ ብቻ ነው፤ እሱንም ከሁሉም በኋላ። ሌላም አለ። የእድር ሹም ዛሬ የሚበድለው ሰው ነገ ሬሳውን የሚሸከመው ሰው ነው። የሬሳ ሣጥን በአራት ማዕዘን ይያዛል፤ አንዱ ተቀይሞ ቢቀር ይዘምማል። ከዚህ የጠነከረ ሕገ መንግሥት አላየሁም፤ አንቀጽም የለው።

አሁን የእድራችን አባላት ተበትነዋል። የእኛ ሰፈር ዶሮ ማነቂያ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ለኮሪደር ልማት ሲነሣ፣ ግማሹ ገላን ጉራ ገባ፣ ግማሹ አራብሳ፣ የቀረው ልጁ ዘንድ ተጠጋ። እውነቱን ለመናገር የድሮው ግቢያችን ናፍቆት የሚገባው አይደለም፤ ለስንት አባወራ አንድ ሽንት ቤት ነበር፤ ክረምት ሲመጣ ጣሪያው ያለቅሳል። ዛሬ ባለቤቴ የራሷ ማድቤት አላት። ችግሩ ሞት ነው። ደንባችን ቀብር ያልተገኘ ይቀጣል ይላል። ከአራብሳ ታክሲ እየቀያየሩ እስኪመጡ ግን ሟች ተቀብሮ፣ እጅ ታጥቦ፣ ድንኳኑ ተሞልቶ ይደርሳሉ። ይቀጡ ወይስ አይቀጡ? በዚህ ላይ ሁለት ጉባኤ አልቋል።

ጥሩምባ ነፊው ሥራ ፈታ፤ ከገላን ጉራ ማን ይሰማዋል? የልጅ ልጄ ቴሌግራም ላይ መልእክት የምንለዋወጥበት ቡድን ከፈተልን። ሞት የሚነገረው በዚያ ነው። ገና በመጀመሪያው ሳምንት አንዱ ስለ ጦርነት ጻፈ፣ ሌላው መለሰለት፣ ዘር ተቆጠረ፣ ሁለት ሰዎች ተሰዳድበው ወጡ። አንድ ጓሮ ያደጉ ሰዎች እኮ ናቸው! ወዲያው ተሰበሰብንና ፖለቲካ የጻፈ መቶ ብር ይቀጣ ብለን ወሰንን። ያርመናል ብዬ ነበር የጻፍኩት። ዘንድሮ ሒሳብ ሲዘጋ ታዲያ ከፍተኛው ገቢያችን ከፖለቲካ ቅጣት የተገኘ ሆነ። አንድ ጡረተኛ ጓደኛዬማ ቀድሞ መቶ ብሩን በቴሌብር ይልክና "ቅጣቴን ከፍያለሁ፤ አሁን ልናገር" ብሎ ይጀምራል። ያነበብነው ሁሉ እናደንቀዋለን፤ የምንመልስለት ግን የለም፤ መቶ ብር መቶ ብር ነው።

ገንዘብ ያዣችን ዘንድሮ በቃኝ ብሏል። ዓይኑን ሊታከም ነው፤ የሐኪም ወረቀቱንም እውነተኛነት አጣርተናል። በምትኩ የተጠቆሙት ሁሉ በጠና ታመዋል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በምታውቀው ሰፈር ሥልጣን የሚወድ፣ ወንበር ካላገኘ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ካለ ወደ እኛ ላክልን። ደመወዝ የለውም፤ መኪናና አጃቢም የለውም። ደረሰኝ መቁረጥና መሰደብ ግን አለው። ጉባኤው ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ነው።